በጓያ የደረቀው ከስክስ

እናንተ እርጥብ ጫማ በምን ነው የምታደርቁት? በፀሐይ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፀሐይ ካለማ ማን ይቸገራል? ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ዝናብ የመታውን ጫማውን ጋዜጣ ጠቅጥቆበት በረንዳ ላይ ሲያሰጣ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ምን ያስቅሃል አለኝ። ምንም አልኩት። ምንም ማለቴ የሚያስቅ ነገር ጠፍቶ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አፌን ዘግቼ የኖርኩለት ሰው ስለነበረ ነው። እኚህ ሰው አማቴ ናቸው። አምና አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሙት ወቃሽም አያድርገኝና፣ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ለማስተማር ተመድቤ በመስከረም ወረታ ስደርስ፣ ከአውቶቡሱ ያወረድኩት አንድ እግሬ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሌላው እግሬ ገና ደረጃው ላይ ነበር። መመለስ ይቻል ይሆን ብዬ ሳስብ ረዳቱ ገፋ አድርጎ አወረደኝና በሩን ዘጋው።

ወረታ ያለችበትን የፎገራን ሜዳ ጭቃ ያላየ ሰው ስለ ጭቃ ባያወራ ይሻላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል አይደል? ይህን የተናገረው ሰው ፎገራን አልረገጠም። ረግጦ ቢሆን ሦስተኛ ይጨምር ነበር። ክረምት ላይ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ይቀራል። ገበሬው በዚያ ጭቃ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የአገሩ ሰው ታዲያ ጭቃውን የሚያቋርጠው በባዶ እግሩ ነው። ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብልሃትም ነው። እግር ከጭቃ ይወጣል፣ ጫማ ግን ይቀራል። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

በዚያ አካባቢ ጫማ ከሚያደርጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ሃምሳ አለቃ ደሴ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከሠራዊቱ ይዘው የተመለሱት ሁለት ነገር ነው፤ ማዕረጋቸውንና አንድ ጥንድ ከስክስ ጫማ። ማዕረጉን አገር ሁሉ ይጠራላቸዋል። ጫማውን ግን ሚስታቸውም አይነኩባቸውም። በየቅዳሜው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሞራ ይቀቡታል። በዚያ ሰዓት ሰላምታ የሰጣቸው ሰው መልስ አያገኝም። እንዴት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል። በየቅዳሜው በደጃፋቸው እያለፍኩ ሰላምታ የምሰጠው እኔ ነኛ።

የማልፈው ለጫማው ብዬ አይደለም። ልጃቸው የሺ እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። ወደድኳት። ነገሩን ማስረዘም አያስፈልግም፣ ወደድኳት። እሷም አልጠላችኝም። አባባን በሽማግሌ አናግርልኝ አለችኝ፤ ለኅዳር ሚካኤል ማግስት ሽማግሌ ልልክ ተስማማን። ወሬው ግን ከሽማግሌው ቀድሞ ሃምሳ አለቃ ቤት ገብቶ ኖሯል። ስለ እኔ ምን እንዳሉ የሺ ነገረችኝ። ውሻ ሲጮህበት መንገድ የሚቀይር ሰው ነው አሉ አለችኝ። ውሸት ነው እንድላት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምን ልበላት? እቀይራለሁ።

በዚያ ጥቅምት ጉማሬ ከጣና እየወጣ የገበሬውን ማሳ ይግጥ ጀመር። ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ያን ጊዜ ያለ ስብሰባ የሚሆን ነገር አልነበረም፣ ጉማሬ ለማባረርም መፈክር ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ተነሥተው ጉማሬው የጭቁኑን ገበሬ ላብ እንዴት እንደሚበዘብዝ አንድ ሰዓት አስረዱ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ ጉማሬው መሬት ለአራሹ ሳይታወጅም ይበላ ነበር አሉ። ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባሉና ተቀመጡ። በመጨረሻ ዐሥራ ሁለት ታጣቂዎች ለአደን እንዲወጡ ተወሰነ። መሪያቸው ሃምሳ አለቃ ደሴ። ቃለ ጉባዔ ያዥ እኔ።

አደን ላይ ቃለ ጉባዔ ምን ይሠራል? እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ጽሕፈት የሚችል ሰው ይሂድ ተብሏል አሉኝ። በልቤ ግን ደስ አለኝ። የሺ፣ ይኸው አንድ ጊዜ እንኳ ወንድነትህን ያዩልሃል ብላ ሸራ ጫማዬን በእጇ አጥባ ሰጠችኝ።

ሸራ ጫማው ግማሽ ቀን አልቆየም። በቁሐር ሚካኤል በኩል አድርገን ወደ ጉማራ አፍ ስናቀና አንዱን ጭቃው ዋጠው። ሌላውን ለምን ብቻውን ይንገላታ ብዬ እኔው ጣልኩት።

ወደ አመሻሹ አንድ ገባር ወንዝ ደረስን። ወገብ ይደርሳል። ሃምሳ አለቃ ዳር ላይ ተቀምጠው ከስክሳቸውን አወለቁ። ሁለቱን በማሰሪያቸው አቆራኙና ማን ይያዘው በሚል ዓይን ዞር ዞር ብለው አዩ። ታጣቂዎቹ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክመዋል። የእኔ ሸክም ደብተር ብቻ ነው። በል አንተ፣ አደራ ብለው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ሚስታቸው የማይነኩት ጫማ እኔ አንገት ላይ።

መሃል ስደርስ አንድ ነገር ባቴን ላስ አደረገኝ። ዓሣ ነው አሉኝ ኋላ። ጣና አዞ እንደሌለውም የሰማሁት ኋላ ነው። በሰዓቱ ግን ማንነቱን ለማጣራት አልቆምኩም። ዘልዬ ተነሣሁ፣ ዘልዬም ወደቅሁ። ስወድቅ ደብተሩን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ለምን ደብተሩን? የመንግሥት ነዋ። ከስክሶቹ ከእኔ ጋር ገቡ።

ሃምሳ አለቃ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጫማዎቹን ተቀበሉኝና አንድ በአንድ ገለበጧቸው። ከአንዱ ውኃ ወጣ፣ ከሌላው ውኃና አንዲት ትንሽ እንቁራሪት።

«ስማ ልጀ» አሉኝ። «የጫማ አደራ ያልጠበቀ የሰው ልጅ አደራ ይጠብቃል?»

እንቁራሪቷ ዘልላ ወንዙ ውስጥ ገባች።

«ነገ ጧት እኒህን ደርቀው ካገኘኋቸው ሽማግሌህን እሰማለሁ። እርጥብ ከሆኑ ግን ሽማግሌህን ወደሌላ ቤት ስደድ።»

ያደርነው አያ ሙጨ የሚባሉ ገበሬ ማሳ ዳር፣ ከጥበቃ ጎጇቸው አጠገብ ነው። እሳት ነደደ። እኔ ከስክሶቹን ታቅፌ እሳቱ ዳር ተቀመጥኩ። የጫማ ማድረቅ ነገር ሲነሣ ደግሞ ጫማ አድርጎ የማያውቅ ሁሉ ዐዋቂ ነው። ዐሥራ ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ዐሥራ ሁለቱም ምክር ነበራቸው። አንዱ ፍሙ ላይ ዘቅዝቀው አለኝ። አንዱ ጭድ ጠቅጥቅበት አለኝ፣ ጭዱ ራሱ ረጥቧል። አንዱ የሞቀ አመድ ሙላበት አለኝ። ሌላው ደግሞ ብብትህ ውስጥ አድርገኸው ተኛ፣ የሰው ገላ የማያደርቀው የለም አለኝ። ይህን ያለው ሰው አምስት ልጅ ያሳደገ ነው፤ ከልምድ ይሆናል።

እሳቱን እኔም አስቤው ነበር። ግን አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ጊዜ የረጠበ ጫማዬን ከሰል ምድጃ ላይ አሳድሬ አውቃለሁ። ጧት ያገኘሁት የሕፃን ጫማ ነው። ለክርስትና ስጦታ ካልሆነ በቀር ለምንም አይሆንም። የሃምሳ አለቃን ከስክስ እንዲህ አድርጌ ብሰጣቸው ምን እንደሚሉኝ ገመትኩት።

ታዲያ አስተማሪ አይደለሁ? ደረቅ እህል እርጥበት እንደሚስብ በጠመኔ ሥዬ አስተምሬያለሁ። አያ ሙጨን ደረቅ እህል ይኖርዎ ይሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆሎ ያማረኝ መስሏቸው ከጎጆው ዝገን አሉኝና በሬ ሊያስሩ ሄዱ። ገባሁ። ሁለት ስልቻ አለ። ከአንዱ ዘገንኩ፤ ሻካራ ነው፣ አፍንጫ አለው። ይህን ሽምብራ አወቅሁት። ከሌላው ዘገንኩ፤ ለስለስ ያለ ነው፣ ጠርዝ ጠርዝ አለው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፣ ግን የጫማውን ውስጥ አይቧጭርም ብዬ መረጥኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። ሁለቱንም ከስክስ እስከ አንገታቸው ሞላሁ፣ በማሰሪያቸው አፋቸውን አሰርኩና ተንተርሻቸው ተኛሁ።

ጧት ስነሣ ከስክሶቹ ወፍረዋል። እህሉ ውኃውን ጠጥቶ፣ አብጦ፣ ቆዳውን ወጥሮታል። በእንጨት እየቆረቆርኩ አወጣሁት። እጄን ሰድጄ ብዳብስ ውስጡ ደርቋል። የዚያን ጊዜ ደስታዬን ምን ልበላችሁ? ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው ሲገቡ ታዩኝ። የሺ ከጓዳ አጮልቃ ስታይ ታየችኝ።

ሃምሳ አለቃ ቀኙን አጠለቁ። ተነሥተው ረገጡ።

«ደርቋል» አሉ። እንደገና ረገጡና «ሰፍቷልም» አሉ። «በምን አደረቅኸው?»

ዐሥራ ሁለቱ መካሪዎቼ ቆመው ይሰማሉ። እንዲህ ያለ ቀን በስንት ጊዜ ይገኛል? ጉሮሮዬን ጠረግሁና ትምህርቱን ጀመርኩ። ደረቅ እህል በተፈጥሮው፣ እያልኩ ስቀጥል ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉ። አውራ ጣታቸው ጋ የቀረ ነገር ነበር። አወለቁና አራገፉት። አንዲት ያበጠች ፍሬ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። አያ ሙጨ ተጠግተው አዩዋት።

«ጓያ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጓያን የማታውቁ ካላችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ጓያ አዘውትሮ የበላ ሰው እግሩ ይሰበራል፤ ይሽመደመዳል ማለት ነው። ይህ እውነት ነው፣ ሐኪምም ይለዋል። በዱላ የሚሄድ ጎልማሳ ሲያዩ ጓያ ሰብሮት ነው ይላሉ፣ ቀልድ አይደለም። የአገሩ ሰው ግን የሚሰብረው መብላቱ ብቻ ነው አይልም። እንፋሎቱም ይሰብራል ይላል። ጭዱ ላይ መተኛትም ይሰብራል። ጤዛ የያዘ የጓያ ማሳ በባዶ እግር ማቋረጥም ይሰብራል። እንግዲህ ጓያ ሲነፋበት ያደረ ጫማ ውስጥ እግር መክተት ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ከእኔ በፊት ይህን ያደረገ ሰው ስለሌለ፣ አይሰብርም ብሎ የሚምል ሰው አልተገኘም።

ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቀኝ እግራቸውን ነካ ነካ አደረጉት።

«ደነዘዘ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም «ግራውም ደነዘዘ» አሉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ግራውን እኮ አላጠለቁትም» አልኳቸው።

«ወንድሙ አይደል?» አሉኝ።

ሊነሡ ሞከሩ፣ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሳቄ መጥቶ ነበር። ዓይናቸውን ሳየው ጠፋ። የምራቸውን ነው የፈሩት። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው በአንዲት ፍሬ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የየሺን አባት እግር በእጄ የቆረጥኩ መሰለኝ። ሽማግሌ መላኩ ቀርቶ ወረታ ተመልሼ ዓይኗን እንዴት እንደማየው ጨነቀኝ።

አያ ሙጨ፣ ወንዛዬ ወደሚባለው ፍል ውኃ ይውሰዷቸው፣ እዚያ ሰባት ቀን ይነከሩ አሉ። ሃምሳ አለቃ ደግሞ እጃቸውን ወደ ቁሐር አቅጣጫ ዘርግተው፣ ሚካኤል አባቴ፣ እግሬን ብትመልስልኝ ለኅዳር በዓልህ ወይፈን አስገባለሁ ብለው ተሳሉ። አደኑ ቀረ። ጠመንጃ የያዙት እጆች ቃሬዛ ሠሩ።

ከስክሶቹስ? የሚነካቸው ጠፋ። ሃምሳ አለቃ ቃሬዛው ላይ ሆነው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ አድርጋቸው። ከሰበሩ ያንተንም ይስበሩት።»

ፍርዱ ልክ ነው፣ ይግባኝ አልጠየቅሁም። የእኔ እግር ከእሳቸው ይበልጣል፤ ጓያው ባያሰፋቸው አይገቡልኝም ነበር። ገቡ። እንዳላወልቃቸው ብለው ነው መሰለኝ ማሰሪያውን ራሳቸው ከቃሬዛው ላይ ጎንበስ ብለው ጠፍረው አሰሩልኝ። የወታደር ቋጠሮ ነው፣ በየቋጠሮው ላይ ሌላ ቋጠሮ።

አራት አራት እየሆኑ እየተፈራረቁ ተሸክመዋቸው ወደ መኪናው መንገድ አቀናን። አያ ሙጨ ማሳቸው ዘንድ ቀሩ። እኔ ደብተሬን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ጥቂት እንደሄድን የእኔም ጉልበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በሳይንስ ሳላምን ቀርቼ አይደለም። ሳይንስ አዲስ አበባ ነበር፣ እኔ ፎገራ ነበርኩ።

የወንዙን ዳር ይዘን ስንጓዝ ደንገሉ ተንቀሳቀሰ። ከፊት ያለው ቆመ፣ ሁላችንም ቆምን። ጉማሬ ወጣች። ስብሰባ የተጠራባት፣ መፈክር የወጣባት፣ ከወረታ ድረስ ልንፈልጋት የመጣናት ጉማሬ ግልገሏን አስከትላ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማ አየችን።

ዐሥራ ሁለት ጠመንጃ ነበረን። አንዱም አልተኮሰ። ቃሬዛው ጧ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁ። በስተቀኝ፣ ራቅ ብሎ አንዲት ሾላ ነበረች። ሕዝቡ ወደዚያች ሾላ በረረ። ቃለ ጉባዔ ያዥ ነኝና ቆጠርኳቸው፤ ዐሥራ ሦስት ናቸው። ታጣቂዎቹ ግን ዐሥራ ሁለት ነበሩ አላልኳችሁም? ዐሥራ ሦስተኛው ከሁሉም ፊት ነበር። ቅርንጫፍ የያዘውም እሱ ነው መጀመሪያ። ሃምሳ አለቃ ደሴ።

እኔስ? ከሁሉም ቀድሜ ለመሮጥ የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እምላለሁ። ወሰንኩ፣ ወደፊት ተወረወርኩ፣ እግሬ ግን አልመጣም። ጓያው ሰበረኝ አልኩ በሆዴ። ቁልቁል ሳይ ከስክሶቹ እስከ አንገታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተዋል። እግሬን ከጫማው ላወጣ ታገልኩ፣ ቋጠሮው አላንቀሳቅስ አለኝ። ጫማውን ከጭቃው ላወጣ ታገልኩ፣ ፎገራ ነው። ልጩህ አልኩ፣ ድምፄ ከሌሎቹ ጋር ሾላው ላይ ወጥቷል። እንግዲህ ቆምኩ። ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ጉማሬዋን ፊት ለፊት እያየሁ ቆምኩ። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

አፏን ከፈተች። ስለ አፏ አልነግራችሁም፣ ዛሬም እንቅልፍ ይነሣኛል። በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት የሺን ብቻ ነው፤ ሸራ ጫማዬን አጥባ ስትሰጠኝ። አፏን ዘጋች። ጉቶ መስያት ይሁን፣ አዝናልኝ ይሁን እንጃ፣ ግልገሏን ይዛ በአጠገቤ አለፈችና ወንዙ ውስጥ ገባች።

ከሾላው መጀመሪያ የወረዱት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ከሌሎቹ ቀድመው ደረሱብኝ። እግሬን አዩ። ጭቃውን አዩ። የራሳቸውን ቋጠሮ አዩ። ወታደር ናቸው፣ ምንም አልጠፋቸውም። እኔም እግራቸውን አየሁ። ከሾላው ጭረት በቀር እንከን የለባቸውም፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ተያየን። ሌሎቹ ሳይደርሱ ተንበርክከው ቢላቸውን መዘዙና ያን ሁሉ ዘመን ሞራ የቀቡትን ከስክስ ማሰሪያ በጠሱት። ባዶ እግሬን ጎትተው አወጡኝ።

«አያችሁ?» አሉ ወደ ታጣቂዎቹ ዞረው። «አንድ እርምጃ አላፈገፈገም።»

አንዱ፣ ሃምሳ አለቃ እግርዎስ ብሎ ጠየቃቸው።

«ወይፈን ተስዬ አልነበር?» ብለው አማተቡ። «የቁሐሩ ሚካኤል ምን ይሳነዋል።»

አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ቃለ ጉባዔው ላይ ምን ጻፍክ እንዳትሉኝ። ጉማሬዋ በሰፊው ሕዝብ የተባበረ ክንድ ወደ ውኃዋ ተመልሳለች ብዬ ጻፍኩ። ዐሥራ ሦስቱም ፈረሙበት።

ወይፈኑ ገባ። በማግስቱ ሽማግሌዎቼ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄዱ። ዘሬን ሊቆጥሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ሃምሳ አለቃ ከጉማሬ ፊት ያልሸሸ ሰው ዘሩ አይጠየቅም፣ ሰጥቻለሁ አሉ። እኔ ለምን እንዳልሮጥኩ እሳቸው ለማንም አልተናገሩም። እሳቸው እንዴት እንደሮጡ እኔም አልተናገርኩም። አማትና አማች እንዲህ ተዋደን ኖርን።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ አውራ ዶሮ አባርሮኝ አጥር ስዘል የሺ አየችኝ። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ለመሆኑ አባባ ያን ጊዜ ምንህን አይተው ነው የሰጡኝ?» አለችኝ።

«የገዛ ጫማቸውን» አልኳት።